የሰፈርን ውበት አይቶ ፎቶ ማንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየቀኑ የምናያቸውን ነገሮች በስልክ ስለማንሳት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እንዲህ አስቀምጬዋለሁ።

ጥሩ ካሜራ የለኝም። በስልክ ይሆናል?

ይሆናል። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ይበቃል። አዲስ አበባዊው ፎቶ አንሺ ግርማ በርታ ስሙ የታወቀው የከተማዋን የመንገድ ሰዎች በአይፎን እያነሳ ኢንስታግራም ላይ በማውጣት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የፎቶ ድርጅቱ ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት የነበረውን የፎቶ አንሺዎች የገንዘብ ድጋፍ ካሸነፉት አንዱ እሱ ነበር።

ከማንሳታችሁ በፊት ግን ሌንሱን ጥረጉ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይውላል፣ ጣት ይነካዋል፣ ወጥ በነካ እጅ ይያዛል። ሌንሱ ላይ ትንሽ ቅባት ካለ ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል። ብዙ ሰው «ስልኬ አርጅቷል» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። በጣት ከፍቶ ዙም ማድረጉንም ተዉት። አብዛኞቹ ስልኮች ላይ ይሄ ምስሉን ቆርጦ ማግዘፍ ነው፤ የሩቁን አያቀርበውም። በእግራችሁ ቅረቡ።

ሰፈሬ ውስጥ የሚያምር ነገር የለም። ምን ላንሳ?

ይሄን ጥያቄ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባል የለ? በለመድነው መንገድ ስንሄድ ዓይናችን የሚፈልገው ጉድጓዱን፣ መኪናውንና የምናውቀውን ሰው ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ይዘለዋል።

ከቤቴ ወደ ታክሲ መያዣው በሚወስደው ቅያስ ላይ አንድ የቆርቆሮ አጥር አለ። ታች በኩል ዝጓል። ዝገቱ ከመሬቱ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሥር ቡናማ ነው፣ ከፍ ሲል ብርቱካንማ ይሆናል፣ ጫፉ ላይ ቢጫ። መሃሉን አንድ ሰው ሰማያዊ ቀለም መቀባት ጀምሮ ትቶታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታው የቆርቆሮው ሽንሽን አንዱ መስመር ይበራል፣ አንዱ ይጠላል። የተሸነሸነ ቀሚስ ይመስላል። 4 ሰዓት ላይ ብትመለሱ ተራ አጥር ነው። እኔ በዚያ አጥር ሥር ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ። ያየሁት አንድ ጠዋት ሰው ስጠብቅ ሩብ ሰዓት ከፊቱ ስለቆምኩ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል። ጉሊት ላይ በመደብ በመደብ የተደረደረ ቲማቲም። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የተሰጣ የልጅ ልብስ። ኮብልስቶን መሃል የበቀለች ሣር። የልብስ ሰፊው መደርደሪያ ላይ ያለ ክር። እንጀራ ምጣድ ላይ ሆኖ ዓይን የሚያወጣባትን ቅጽበት ቀርባችሁ አይታችኋታል? ሊጡ መጀመሪያ ያብለጨልጫል። ከዚያ ከዳር ጀምሮ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዓይኖቹም አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ጥቂት ሴኮንድ ነው የሚፈጀው።

ማስተዋልን እንዴት ልለማመድ?

ለእኔ የሠራልኝ መንገድ አንድ ቦታ መርጦ በእሱ መጽናት ነው። ከቤታችሁ አምስት ደቂቃ የማይርቅ ቦታ ምረጡ። የሱቁ ደጃፍ ይሁን፣ የውኃ ቦኖው፣ የዛፉ ሥር። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተለያየ ሰዓት ሂዱና አንድ አንድ ፎቶ አንሱ። ሁለተኛው ቀን ላይ ይሰለቻችኋል። አራተኛው ቀን ገደማ ግን ዓይናችሁ ሥራ ያገኛል። ጥላው የት እንደሚደርስ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ድመቷ የት እንደምትተኛ ማወቅ ትጀምራላችሁ።

ይሄ ከከበዳችሁ ቀለም ፈልጉ። ዛሬ ቢጫ ብቻ በሉ። ውኃ ተራ የተሰለፈው ጀሪካን፣ የፍራፍሬ ቤቱ ሙዝ፣ በመስከረም ደግሞ አደይ አበባ። አንድ ነገር እየፈለገ የሚሄድ ሰው ሌላውንም ማየቱ አይቀርም። ከልጆች ጋር ሆናችሁ ሞክሩት። ልጆች ከእኛ ቀድመው ያገኛሉ፤ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ እኛ የማናየውን ያያሉ።

በስንት ሰዓት ማንሳት ይሻላል?

አማርኛ ራሱ ቀኑን በብርሃን ከፋፍሎ ሰጥቶናል። ጎህ ሲቀድ፣ ማለዳ፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ተሲያት፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። እያንዳንዱ ስም የራሱ ብርሃን አለው። ለፎቶ ምርጦቹ ሁለቱ ጫፎች ናቸው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ከጎን ይመጣል፣ ቀለሙ ይሞቃል፣ ጥላው ይረዝማል። ግድግዳ ላይ ያለ ጭረት ሳይቀር ይታያል።

አዲስ አበባ ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይሄ ለእኛ ምቹ ነው፤ ሰዓቱን አንዴ ከያዛችሁ አይጠፋባችሁም። ችግሩ ፀሐይ እኛ ዘንድ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ያ ወርቃማ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ጀበናውን ጥዳችሁ ቡናው ሳይፈላ ያልቃል። ቦታችሁን ቀድማችሁ ምረጡና ጠብቁት። ጀንበር ከጠለቀች በኋላም ቶሎ አትሂዱ። ቀጥሎ ያለው 20 ደቂቃ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ የሚሆንበት፣ የሱቆቹ አምፖል የሚበራበት ነው። ሁለቱ ብርሃኖች እኩል የሚሆኑባት አጭር ጊዜ አለች፤ እኔ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው።

ቀትር ላይ ብቻ ነው ጊዜ የማገኘው ካላችሁ ጥላ ውስጥ ግቡ። መርካቶ ውስጥ በሸራ የተጋረዱትን መተላለፊያዎች አስቡ። ሰማያዊ ሸራ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማውም ብርቱካንማ ያደርገዋል። አናት ላይ የቆመች ፀሐይ ደግሞ የራሷ ትዕይንት አላት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ከቀኑ 6፡25 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም ማለት ይቻላል።

ክረምት ላይ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። ምን ይደረጋል?

ክረምትን አትናቁት። ደመና እንደ ትልቅ ነጭ መጋረጃ ነው፤ ብርሃኑን ለሁሉም እኩል ያካፍላል። የሰው ፊት፣ ቅጠል፣ አበባ፣ እርጥብ ድንጋይ ደመና ሲሆን ያምራሉ። ደረቅ የነበረው ቀለም ሲርስ ይጠልቃል። መንገድ ላይ ያቆረ ውኃ ካያችሁ ቁጢጥ በሉና ስልኩን ገልብጡት፣ ሌንሱ መሬቱን ሊነካ እስኪቃረብ። አንድ ክንድ የማይሞላ ኩሬ ውስጥ ሙሉ ሕንፃ ይገባል። ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ በዚያ ውኃ ውስጥ ተገልብጦ ሲያልፍ ካገኛችሁት ቀናችሁ ያማረ ነው።

ብቻ ግራጫውን ሰማይ ብዙ አታስገቡት። ፎቶውን ባዶ የሚያደርገው እሱ ነው።

በዓይኔ ያየሁት ሲያምር ፎቶው ለምን አያምርም?

በሁለት ምክንያት። አንደኛው የካሜራው ነው። ዓይናችን ከደማቁ ወደ ጨለማው ሲዞር ወዲያው ራሱን ያስተካክላል። ካሜራ ግን ደማቅ ሰማይና የጨለመ ደጃፍ አብረው ሲመጡበት አንዱን መጣል አለበት። የትኛውን እንደሚያተርፍ እናንተ ንገሩት። የምትፈልጉትን ነገር ስክሪኑ ላይ በጣታችሁ ንኩ፤ ከዚያ ጣታችሁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንሸራቱ። አብዛኞቹ ስልኮች ላይ ብርሃኑ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ እቀንሳለሁ። ከመጠን በላይ የበራ ቦታ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ ምንም ብታደርጉ አይመለስም።

ሁለተኛው ግን የእኛው ነው። ዓይናችን ሽማግሌውን ሲያይ ከጀርባቸው ያለውን የመብራት ምሰሶ፣ ገመዱንና ማስታወቂያውን አያይም። ካሜራው ሁሉንም ያስገባል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ለራሳችሁ ንገሩ፦ «ያቆመኝ ምንድን ነው?» መልሱ «የቅጠሉ ጥላ ግድግዳው ላይ» ከሆነ ዛፉ፣ በሩና ሰማዩ ይውጡ። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ መሄድ ብዙ ነገር ያስወጣል።

እናቴን በነጠላ ሳነሳት ፊቷ ይጠቁራል። ለምን?

ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ካሜራ የሚያየውን ብርሃን ሁሉ አማካይ ያወጣና መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ነጭ ነጠላ ፎቶውን ሲሞላው «በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ይጠፋል። በጥምቀትና በእንቁጣጣሽ የሚነሱ ስንት ፎቶዎች እንዲህ ተበላሽተዋል! ፊቷን ስክሪኑ ላይ ንኩና ትንሽ አብሩት። ግን ሲበዛ የነጠላው ሽመናና ጥለቱ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ቦታ መቀየር ነው።

ከፀሐዩ አስወጧትና ደጃፍ ላይ አቁሟት። ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ። እናንተ ውጭ ሁኑ፣ ግን በሩን አትጋርዱባት። ከደጅ የሚገባው ብርሃን ፊቷ ላይ በለስላሳው ያርፋል፣ ከኋላዋ ያለው ቤት ይጨልማል፣ ነጠላው ከጨለማው ተለይቶ ይወጣል። እናቴን በዚህ መንገድ ነው የማነሳት። ጥለቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ክር እንኳ ይቆጠራል።

የቡናው እንፋሎትና የዕጣኑ ጭስ ፎቶ ላይ ለምን አይታይም?

እንፋሎት እንዲታይ ብርሃን ከኋላው መምጣት አለበት። ብርሃኑ ከእናንተ ጀርባ ከሆነ እንፋሎቱ ይጠፋል። ፍላሽማ ጨርሶ ይገድለዋል።

እንዲህ አድርጉ። ጠዋት ወይም ተሲያት ላይ ረከቦቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፣ መስኮቱ ከስኒዎቹ ጀርባ በትንሹ ወደ ጎን እንዲሆን። ከስኒዎቹ በስተኋላ የሚታየው ነገር ጥቁር ወይም ቡናማ ይሁን፤ የሶፋ ጀርባ፣ የእንጨት ቁም ሣጥን። አሁን ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ቄጠማው ላይ። ስልኩ ከስኒው ከንፈር ጋር እኩል ይሁን። ስኒው ላይ ንኩና ብርሃኑን ቀንሱ። ጀበናው ከማቶቱ ተነስቶ ሲያዘነብል ቡናው እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል፤ መስኮቱ ከኋላ ስላለ ክሩ ጥቁር አይሆንም፣ ቀይ ሻይ መስሎ ያበራል። እንፋሎቱ ከስኒው ይነሳና መጀመሪያ ቀጥ ይላል፣ አንድ ስንዝር ከፍ ሲል ይጠመዘዛል። በተከታታይ አንሱ፤ አንዳንድ ስልኮች ፎቶ መጫኛውን ተጭናችሁ ስትይዙት ራሳቸው እንዲህ ያነሳሉ። ከሃያው አንዱ ይሆናል። የዕጣኑም ጭስ እንዲሁ ነው፤ ጥቁር ነገር ፊት ሲሆን ሰማያዊነት ይታይበታል።

ቤተሰቤ «ይሄ ምኑ ይነሳል?» እያሉ ይስቁብኛል። ተራ ነገር ማንሳት ምን ይጠቅማል?

እኛ ቤት ሁለት አልበም አለ። አያቴ በሁለቱም ውስጥ አለች፤ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በምረቃ። ሁሉም ላይ ቆማለች፣ እጇን አጣምራለች፣ ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች። አያቴ ግን በሕይወቷ እንደዚያ ቆማ አታውቅም። እሷ ሁልጊዜ ጎንበስ ያለች፣ ምስር የምትለቅም፣ በአንድ እግሯ ጫማ ድመቷን የምትገፋ ሴት ነበረች። ያቺን አያቴን የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለንም። አሁን ምን ብከፍል አላገኘውም።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። የፊልም ጥቅል 24 ወይም 36 ፎቶ ነበር የሚይዘው፤ ማሳጠቢያውም ገንዘብ ነው። ሰው ለትልቅ ቀን ይቆጥበው ነበር። አገራችን ውስጥ ፎቶ ሥር የሰደደውም ከቤተ መንግሥት ጀምሮ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ከእሱ በኋላ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነዋል። ለዚህ ነው የነገሥታት ፎቶ ሞልቶን የጓዳችን ፎቶ ያነሰን። እኛ ግን ዛሬ ቆጣቢ የምንሆንበት ምክንያት የለንም።

ሰፈርም ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ አሮጌዎቹ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሱ ብዙ ሰው ስልኩ ውስጥ ፎቶ ሲፈልግ ነበር። የልደት ፎቶ አለ፣ የራስ ፎቶ አለ። ያደጉበት በር፣ የእንጨት ደረጃው፣ የጎረቤት መስኮት የለም። የሚስቁባችሁን ችላ በሉና አንሱ።

መንገድ ላይ ሰው ለማንሳት ማስፈቀድ አለብኝ?

ሕጉን ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ ሕዝብ በሚያይበት ቦታ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ በአደባባይ የተደረገ በዓል ወይም ሥነ ሥርዓት ሲሆን። ስለዚህ ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ የተሰበሰበውን ሕዝብ ማንሳትና አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ፀጉሯን ስትሠራ አንስቶ ፌስቡክ ላይ መልቀቅ አንድ አይደሉም።

ከሕጉ በፊት ግን ሰላምታ አለ። «እንደምን ዋሉ እማማ? ብርሃኑ ደስ ብሎኝ ነው፣ ላንሳዎት?» በሉ። ብዙ ሰው እሺ ይላል። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። «ከጠየቅኩ ቅጽበቱ ያመልጠኛል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ያመልጣል። ግን ካስፈቀዳችሁ በኋላ ሰውዬው ወደ ሥራው እስኪመለስ አምስት ደቂቃ ከቆያችሁ የሚመጣው ቅጽበት ይበልጣል። ያነሳችሁትንም አሳዩ። ልጆች ሲሆኑ ወላጅ ይጠየቅ።

የማይነሱ ቦታዎች አሉ? ቤተ ክርስቲያንና መስጊድስ?

አሉ። ወታደራዊ ቦታ፣ ቤተ መንግሥት፣ የጸጥታ ተቋማት፣ የጥበቃ ሰዎች የቆሙባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ኤምባሲዎች ዙሪያ ስልክ አታውጡ። እኔ አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ የወጣ ቦገንቪሊያ ሳነሳ ጥበቃው አስቁሞኝ ሁሉንም አስጠፍቶኛል። አበባው ነበር የታየኝ፤ አጥሩን አላሰብኩትም። ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ምናልባት ይፈቅድልኝ ነበር።

ቤተ እምነት ውስጥ አገልጋዮቹን ጠይቁ፣ ቅዳሴና ስግደት ላይ ስልኩን ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ የግድግዳ ሥዕል ላይ ፍላሽ አታብሩ። ብዙው ውበት ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ ነው። ከቅዳሴ የሚወጡ ሰዎች፣ የጧፍ ሻጯ ጠረጴዛ፣ ከመስጊዱ በር የተደረደሩ ጫማዎች።

ፊልተርና ማስተካከያ መጠቀም ማጭበርበር ነው?

አይደለም። ማቃናት፣ መቁረጥ፣ ብርሃን መጨመርና መቀነስ ድሮም ፎቶ ቤት ውስጥ ይደረግ ነበር። እኔ የማልወደው የሰውን ቆዳ የሚያነጣውንና መጨማደዱን የሚጠርገውን ነው። የዕድሜ መስመር የሌለው የእናት ፊት የማንም እናት ፊት አይደለም።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። እዚህ ምን ላንሳ?

ያላችሁበትን። ዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩ የብርዱ ወራት የፎቶ ወቅት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ቀትር ላይ እንኳ ከአድማሱ 28 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። እኛ ለግማሽ ሰዓት የምናሳድደው የጎን ብርሃን እናንተ ዘንድ ቀኑን ሙሉ አለ። በራዲያተሩ ላይ የተሰጣ ነጠላ፣ በረዶ የጣለበት መስኮት ሥር የተቀመጠ ጀበና፣ የሕንፃው ኮሪደር ላይ የቆሙ የልጆች ቡትስ አንሱ። ልጆቻችሁ በኋላ ልጅነታችን የት ነበር ሲሉ የሚፈልጉት እሱን ነው።

ገልፍ አገሮች ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሰውን ያለፈቃዱ ፎቶ ማንሳትና ማሰራጨት በወንጀል ያስጠይቃል። በተለይ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ የቤቱን ሰዎችና ልጆች አታንሱ። የራሳችሁን እጅ፣ የራሳችሁን ስኒ፣ በመስኮት የሚገባውን ብርሃን አንሱ።

ስልኬ በፎቶ ሞልቷል። ምን ላድርገው?

በወር አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ምረጡ። ከሁለት መቶው አሥሩን አስቀሩ፣ ከአሥሩ ሁለቱን አሳትሙ። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፎቶ 1200 በ1800 ፒክስል በቂ ነው፤ አሮጌ ስልክም ይሄን ያሟላል። ፎቶ ቤት በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት መጠኑ ይቀንሳል። ሌላ ቦታም ቅጂ ይኑራችሁ። ስልኬ ታክሲ ውስጥ ሲጠፋብኝ የሁለት ዓመት ፎቶ አብሮ ጠፍቷል፤ የታተሙት አሥራ አራቱ ብቻ ግድግዳዬ ላይ አሉ።

ችግር ያለበትን ሰፈር አሳምሮ ማንሳት ድህነትን ማስዋብ አይሆንም?

ሊሆን ይችላል። ይሄን ጥያቄ ጥሩ መልስ አለኝ ብዬ አልዘጋውም። አንድ መለኪያ ግን አለኝ፤ ባለቤቱ ፎቶውን ቢያየው ምን ይሰማዋል? መንገድ ላይ የተኛ ሰው አላነሳም። ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢያምር።

አንዴ ጉሊት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት እጅ አስደነቀኝ። የተሰነጣጠቀ፣ አፈር የያዘ። አስፈቅጄ ቀረብ አልኩ። «ልጄ፣ እጄን ምን ታደርጊዋለሽ? ፊቴ እያለ!» አሉኝ። ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ የሽንኩርቱን መደብ በመዳፋቸው ሰበሰቡ፣ የተበላሸውን ወደ ጀርባ ወረወሩ፣ ከዚያ ቀና አሉ። እኔ የመረጥኩት ድካማቸውን ነበር። እሳቸው የመረጡት ነጋዴነታቸውን ነው። ያነሳሁት የእሳቸውን ምርጫ ነው፤ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። አሁን ሳልፍ «ነይ፣ ዛሬ ቲማቲሙ ያምራል» ብለው ይጠሩኛል። እውነትም ያምራል።

ፎቶ ማንሳቱ ራሱ ከማየት አያግደኝም?

ያግዳል፣ ካልተጠነቀቃችሁ። ሊንዳ ሄንከል የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን ሙዚየም ወስዳ ሞክራዋለች። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናቷ ሰዎቹ ፎቶ ያነሱትን ዕቃ ዝም ብለው ካዩት ባነሰ አስታውሰዋል። የሚገርመው ግን የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው ያነሱት ማስታወሳቸው አልቀነሰም። ካሜራው እንዲያስታውስልን ስንተወው እንረሳለን፤ ካሜራው ይበልጥ ቀርበን እንድናይ ሲያደርገን ግን አይጎዳንም።

ስለዚህ መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ አንሱ፣ ከዚያ ስልኩን አስቀምጡ። እኔ ቤት ቡና ሲፈላ አቦሉን አነሳለሁ። ቶናው ሲቀርብ ስልኩ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። በረካ ላይ እናቴ የምታወራውን ወሬ እሰማለሁ፤ ብርሃኑም በዚያ ሰዓት ከመስኮቱ ወርዶ ቄጠማው ላይ ደርሷል።